ከኮረብታው ምን ያዝክ?

ያንን ኮረብታ በእግሬ የወጣሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በህልሜ ስንት ጊዜ እንደወጣሁት ግን አልቆጠርኩም። ስለዚህ አሁን ሳወራችሁ የትኛውን ነቅቼ፣ የትኛውን ተኝቼ እንዳየሁት ቢምታታብኝ አትፍረዱብኝ። ጭጋጉ የእውነት ነበር። ዛፍ ላይ ሆነው ቁልቁል ያዩን የነበሩት ጉሬዛዎችም የእውነት ናቸው። አባቴ በቀኝ እጁ ጨብጦ ያወረደውን ነገር ደግሞ በእነዚህ ዓይኖቼ አይቻለሁ፤ አላየሽም የሚለኝ ካለ ይምጣና ይሟገተኝ።

የሶዶ ልጅ ተራራ አይገርመውም። ዳሞታን ጀርባችን ላይ አዝለን ነው ያደግነው። ጠዋት ጭጋጉን ይለብሳል፣ ረፋዱ ላይ ይገልጠዋል፣ እኛም ቀና ብለን ሳናየው ወደየጉዳያችን እንሄዳለን። እኔ የምላችሁ ኮረብታ ግን ከሶዶ ወደ ሁምቦ ቁልቁል ተወርዶ፣ ሙቀቱ ፊት መጥበስ የሚጀምርበት ቆላ ላይ ያለ ነው። በዙሪያው ያሉት ጉብታዎች ዛፋቸው ለማገዶና ለከሰል እያለቀ ድንጋያቸው ወጥቷል። እሱ ብቻ ከግርጌው እስከ አናቱ ጫካ ለብሶ ቆሟል። የአባቴ ጎሳ ሙታኑን የሚቀብረው እዚያ ነበር። በነገሥታቱ ዘመን የተቆፈረ ምሽግም ወገቡን ይዞረዋል። ጉሬዛው፣ ድኩላው፣ ጅግራው ከየሜዳው እየተባረረ እዚያ ተጠራቅሟል። መጥረቢያ ስለማይወጣበት ነው እንጂ ሌላ ተአምር የለውም።

ሕጉ አጭር ነው። ከግርጌው አንዲት ትልቅ ሾላ አለች። እዚያ ስትደርስ ቢላም ይሁን መጥረቢያ፣ ብረት የተባለ ትተዋለህ። ስምህንና የማን ልጅ እንደሆንክ ጮክ ብለህ ትናገራለህ። ላይ አውሬ ብታይ በአገጭህ እንጂ በጣትህ አትጠቁምም። ከኮረብታው ምንም አትወስድም፤ የቆመውን ብቻ ሳይሆን የወደቀውንም፣ ደረቅ ጭራሮም ቢሆን። ስትወርድ ጠባቂው ሾላዋ ሥር ቆሞ ሦስት ጊዜ፣ «ከኮረብታው ምን ያዝክ?» ይልሃል። አንተም ልብስህን አራግፈህ፣ ሁለት መዳፍህን ዘርግተህ፣ «ምንም» ትላለህ። የወሰደ ሰው የወሰደውን በዚያው በራሱ እጅ፣ ካነሳበት ቦታ እስኪመልስ ድረስ ሁለተኛ አይወጣም። የናት ሞት ቢሆን አይወጣም። በኔ ጊዜ ጠባቂው የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ።

አባቴ አናጺ ነበር። በሶዶና በአረካ ስንት ምእመን የተቀመጠበት አግዳሚ ከእጁ የወጣ ነው። እንጨት ሲቀርብለት መጀመሪያ ያሸተዋል። ዋንዛ ነው ይላል፣ ወይም ጥድ ነው፣ ገና አልደረቀም፣ መልሱት ይላል። ተሳስቶ አያውቅም። ዋሽቶም አያውቅም፤ ይህን የምለው አባቴ ስለሆነ አይደለም። አንድ ጊዜ ቦምቤ ድረስ የተላከ ጠረጴዛ እግሩ ላይ የተለጠፈ ስንጥቅ እንዳለበት ለባለቤቱ ሳልነግረው ቀረሁ ብሎ፣ ሥራ ፈቶ በእግሩ ሄዶ ነግሮት ተመልሷል። እናቴ ያን ሰሞን ያልተናገረችው የለም።

ጌታን የተቀበለው ገና ጎረምሳ ሳለ፣ በጣሊያን ጊዜ ነው። በተጠመቀ በሳምንቱ መጥረቢያውን በጠራራ ፀሐይ ይዞ፣ ሰው እያየው፣ ወደዚያ ኮረብታ ወጣ። በአባቱ መቃብር ራስጌ ከቆመችው ወይራ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ቆርጦ ወረደ። ይሞታል ብለው ጠበቁ። አልሞተም። ቅርንጫፉን ላጠው፣ በእሳት አቃናው፣ ከዘራ አደረገው።

ያ ከዘራ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ቀጥሎ የሚነሳ ምስክሩ ሆነ። ጉባኤ ፊት ሲቆም ከፍ ያደርገውና፣ ይህን ቆረጥኩ፣ ይኸው አለሁ፣ እንጨት እንጨት ነው ይላል። ሰው አሜን ይላል። እኔም ልጅ ሆኜ ከሁሉ በላይ ጮኬ አሜን የምል ነበርኩ። «እንጨት እንጨት ነው» ቤታችን ውስጥ ለሁሉ ነገር መልስ ነበር። ወንበር ቢሰበር፣ አዲስ በር ቢሰነጠቅ፣ የሰው ሳጥን ቢበላሽ፣ ያቺው ቃል ትመጣለች።

እኔ ከመምህራን ማሰልጠኛ ተመልሼ ሶዶ ማስተማር በጀመርኩ በዓመቱ የአባቴ ዓይን ይደክም ጀመር። ሳንቃውን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ያየዋል። መጋዙ ከመስመር ይወጣል። አንድ ቀን የሠራው አግዳሚ በሦስት እግሩ ቆሞ አራተኛው አየር ላይ ቀረና፣ ዞሮ ዞሮ ሲዳስሰው አየሁት፤ ፊቱ ላይ የነበረው ኀፍረት አንጀቴን በላው። ሐኪሙ፣ ሞራ ቢሆን ገፍፈን እናወጣልህ ነበር፣ ይህ ግን ከውስጥ ነው፣ ቀስ እያለ ይጠፋል አለው። ያን ሰሞን ከዘራ የነበረው ምርኩዝ ሆነ። ያለሱ ከቤት ደጅ አይወጣም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ፀሐይ አድርጎ ሳለ፣ ለኔም ለማንም ሳይሆን፣ «እናቴን ሳላያት ዓይኔ ሊጠፋ ነው» አለ።

ሴት አያቴ ከሞተች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗት ነበር። ዓይኑ ብቻ ሳይሆን አእምሮውም ተነካ ብዬ ደንግጬ ወደ እናቴ ሮጥኩ። እናቴ ቦይና እየላጠች ነበር፤ ቦይና የምንለው ሌላው ጎደሬ የሚለውን ነው። ቢላውን ሳታቆም ነገረችኝ።

አባቴ ያንን ቅርንጫፍ ሲቆርጥ እናቱ ቆማ ታይ ነበር አሉ። አልጮኸችም፣ አልረገመችውም። ከባሌ አጠገብ የምቀበርበት ቦታ እዚህ ነው፣ ያ ቅርንጫፍ ለኔ ጥላ የተጠበቀ ነበር ብቻ አለችው። ከዓመታት በኋላ ስትሞት አባቴ ከሶዶ እየሮጠ ደረሰ። ወንድሙ ሾላዋ ሥር ቆመው፣ የወሰድከውን በወሰድክበት እጅ መልስና ና እናታችንን እንቅበር አሉት። ከዘራው በእጁ ነበር። ይህን ከመለስኩ ጌታዬን እንደካድኩ ነው አለ፣ አልሰጠም። እነሱ ሬሳውን ይዘው ወጡ። እሱ ከሾላዋ ሥር ቆሞ ለቅሶው እየራቀ፣ ዛፎቹ ውስጥ ገብቶ እስኪጠፋ ሰማና ወደ ሶዶ ተመለሰ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። ገበያ ላይ ቢተያዩ መንገድ ይቀያየራሉ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች እናቴ ስትጨርስ። ቀጥላም ይህን እንደነገረችኝ ለአባቴ ትንፍሽ እንዳልል አስጠነቀቀችኝ።

እኔ ደግሞ የተጣመመ ነገር አይቼ ዝም ማለት አልችልም፤ አስተማሪ ነኛ! ለአንድ ዱላ ተብሎ ሰው ከእናቱ መቃብር ይከለከላል? ሌሊቱን ሙሉ በልቤ ስሟገት አደርኩና ማለዳ፣ ለአባቴ ሳልነግር፣ ወደ ሁምቦ በሚወርድ የገበያ መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ሄድኩ። ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር፤ ትምህርት ቤትም ዝግ ነው።

አጎቴን ሾላዋ ሥር አገኘኋቸው። እስከዚያ ቀን ከሩቅ ካልሆነ አይቻቸው አላውቅም። አፍንጫቸው የአባቴ ነው። ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን የሚጠርጉት እንኳ ልክ እንደሱ ነው። የመጣሁት ልቆጣ ነበር፤ እሳቸው ግን ስምሽን ተናገሪ አሉኝ። ተናገርኩ። የአባቴን ስም ስጠራ ፊቴን አተኩረው አዩኝ። ከዚያ ድምፅሽ የእናቴ ነው አሉና ሌላ ነገር ሳይጨምሩ ከፊቴ መውጣት ጀመሩ።

ጭጋጉ እስከ ጉልበታችን ነበር። ሦስት ዛፍ ይታያል፣ አራተኛው የለም፤ ትንሽ ሲኬድ አራተኛው ይመጣና የኋለኞቹ ይጠፋሉ። ድምፅ ሁሉ ከሩቅ ይመስላል፣ የራሴ እርምጃ ጭምር። ቅርንጫፍ ላይ የተረሳ ነጠላ አየሁ ብዬ ቀና ስል ነጠላው ተነቃነቀ፤ የጉሬዛ ጭራ ነው። ከላዩ ጥቁር ፊት፣ በነጭ ጺም የተከበበ፣ እንደ ሽማግሌ ዝም ብሎ ያየኛል። አንድ ሳይሆን ሰባት ስምንት ነበሩ፤ አንዱም አልጮኸም። ምሽጉ ጋ ስንደርስ አንዲት ድኩላ መንገዱ መሀል ቆማ አገኘን። እንግዳ መጣ ብላ ወደ ጓዳ እንደምትመለስ ሴት ዞር አለችና ተረጋግታ ገባች። ቁጣዬን የት እንደጣልኩት አላውቅም። ከአስተማሪነቴም፣ ከሶዶነቴም የሆነ ነገር ከታች የቀረ መሰለኝ።

መቃብሮቹ አናቱ ላይ ናቸው፣ እያንዳንዱ ራስጌው ላይ የቆመ ድንጋይ አለው። ወይራዋ ትልቅ ሆናለች። ከሥሯ ሁለት መቃብር ጎን ለጎን አለ። አጎቴ በአገጫቸው ሁለተኛውን አሳዩኝ። እዚያ ቦታ ላይ ጭጋጉ ሳሳ ብሎ ብርሃን ይታይ ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ያኔ ቁጣዬ ትዝ አለኝ። ለአንድ ዱላ ብለው ወንድምዎን ከእናቱ ለዩት አልኳቸው። አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ይህን ዛፍ አልቆርጥም፤ እሱ ያንን ዱላ አይጥልም» አሉኝ። «እንጨት እንጨት ነው ይላል አሉ። እንዲያ ከሆነ ለምን አይመልሰውም? ከሁለታችን ለእንጨት የሚሰግደው ማነው ብለሽ ጠይቂልኝ።»

ምላሴ ሥራ ፈቶ የማያውቀው ሴትዮ፣ እጠይቅልዎታለሁ ብዬ ቁልቁለቱን ጀመርኩ።

እንዲህ ልቤ ተነክቶም ቢሆን ሞኝነቴ አልለቀቀኝም። ስንወርድ መንገዱ ዳር የወደቀ የጅግራ ላባ አየሁ፣ ጥቁር ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ እንዴት ያምራል መሰላችሁ። ክፍሌ ውስጥ ልጆች የሚያመጡትን ቅጠልና ጠጠር የምደረድርበት ጠረጴዛ ነበረኝ። አጎቴ ከፊት ናቸው፤ ጎንበስ ብዬ አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ላባ ነው፣ ወድቋል፣ ጅግራዋም አትፈልገውም አልኩ ለራሴ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ሾላዋ ሥር ሲደርሱ ዞሩና፣ ከኮረብታው ምን ያዝሽ አሉኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ምንም አልኩ። ደግመው ጠየቁ፣ ምንም አልኩ። ሦስተኛ ጠየቁ፣ ምንም አልኩና መዳፌን ዘረጋሁ። እሳቸው መዳፌን አላዩም። ቦርሳዬን ነበር የሚያዩት፤ የላባው ጫፍ ብቅ ብሏል። አልተቆጡም። በአገጫቸው ወደ ላይ አመለከቱኝ።

ብቻዬን እስከ ምሽጉ ድረስ ተመልሼ ወጣሁ። ከየት እንዳነሳሁት ግራ ገባኝ፤ ዛፉ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ሣሩ ሁሉ አንድ ዓይነት። ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው ያዩኛል፤ እግዜር ይይላቸው፣ ይህቺ ናት የሶዶ አስተማሪ እየተባባሉ የሚስቁብኝ ነበር የሚመስለኝ። በመጨረሻ ይሆናል ያልኩት ቦታ አስቀመጥኩት። ስወርድ አጎቴ ገና ዛሬ እንዳዩኝ ሰው ከአንድ ጀምረው ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። ለላባ እንዲህ የሆነ ሰው ለሌላው እንዴት ሊሆን ነው ብዬ ተስፋ ቆርጬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

አባቴን መላጊያው ላይ ጎንበስ ብሎ ሳንቃ ሲልግ አገኘሁት፤ ዓይኑ ባያይም እጁ ያውቀዋል። የት እንደዋልኩና አጎቴ ያሉትን፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ ነገርኩት። እናቴ ከጓዳ ሆና ዓይኗን ብታፈጥብኝም አንዴ ጀምሬያለሁና ጨረስኩት። መላጊያው ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። ሦስት ቀን እኔንም እናቴንም አላናገረንም፤ ብቻ ይልጋል። ሳንቃው ሳስቶ ሳስቶ ለምንም የማይሆን ቅርፊት እስኪሆን ላገው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ምርኩዙን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ቅዳሜ ወደ ሁምቦ የሚወርድ መኪና አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

መኪና ነበር። ጎረቤታችን የጉራጌ ነጋዴ በየቅዳሜው ጨውና አቡጄዲ ጭኖ ወደዚያ ይወርዳል። አባቴን ጋቢና አስቀመጠው፣ እኔን ጨው ላይ ሰቀለኝ። ያንን ከዘራ ስንት ዓመት ሲመኘው የኖረ ሰው ነው፤ እንደ ልማዱ፣ ዛሬስ አትለቅልኝም ወይ ብሎ ቀለደ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አባቴ ይስቃል። የዚያን ቀን እጁን ከከዘራው ላይ አላላላም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለ ከዘራው ሲቆም ሰው ምን እንደሚለው ሲያስብ ነበር የሚመስለኝ፤ እኔም ጨው ላይ ተቀምጬ ያንኑ አስብ ነበር። መልሶት ይወርድ ይሆን፣ ወይስ እንደዚያኛው ጊዜ ሾላዋ ሥር ሲደርስ እምቢ ይል ይሆን?

አጎቴ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። አባቴ ኪሱን ዳስሶ የአናጺ ቢላውን አወጣና መሬት ላይ አስቀመጠ። ስሙን ተናገረ። የአባቱን ስም ተናገረ። ሳይጠየቅ የእናቱንም ስም ጨመረ።

«ሳሮ» አሉ አጎቴ። በኛ ቋንቋ ሰላም ማለት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ተኮራርፈው የኖሩ ሰዎች ያች ቃል ብቻ በቃቻቸውና መውጣት ጀመርን።

አባቴ ግራ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ በቀኙ ምርኩዙን ይዞ ነበር። ጥቂት እንደሄድን ቆመና አጠገቡ ያለውን ግንድ ዳሰሰ፣ ተጠግቶ አሸተተው። ብሳና አለ። አጎቴ ከፊት ሆነው ሳይዞሩ፣ ብሳና ነው አሉ። ትንሽ ቆይቶ ዋንዛ አለ። ዋንዛ ነው አሉ። ግራር። ግራር ነው፣ አንተ ስታውቀው ችግኝ ነበር። እንዲህ እየተባባሉ ወጡ። ስለ እናታቸው አላነሱም፣ ስላለፈው ዘመን አላነሱም፣ ይቅርታም አልጠየቁም፤ የዛፍ ስም ብቻ ይጠራሩ ነበር። እኔ መሀላቸው ሆኜ ስሰማ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ፤ ልጅ ሆኜ ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ ጥግ ይዤ የምተኛው ዓይነት እንቅልፍ። ጭጋጉ ከቅጠሎቹ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። አባቴ ቀና ብሎ፣ የሚያየን ነገር አለ አይደል አለኝ። በአገጬ ወደ ጉሬዛዎቹ ጠቆምኩ፤ ከዚያ እንደማያይ ትዝ አለኝና በጆሮው ነገርኩት። ያው ናቸው፣ ድሮም እዚያው ነበሩ አለ፤ ፈገግ አለ።

አናቱ ላይ ስንደርስ ጭጋጉ ለቆ ነበር። ጫካው ውስጥ ግን ጥላው ከባድ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። መቃብሮቹ መካከል ቀስ እያልን ሄድን። ለአባቴ ደረስን ለማለት አፌን ስከፍት እሱ ቀድሞኝ ቆመ። ፊቱን ቀና አደረገ።

«እዚህ ፀሐይ አለ» አለ።

እውነትም ነበር። ያ ሁሉ ጥላ አንድ ቦታ ላይ ተቀዶ፣ ፀሐይዋ በቀጥታ ትወርድ ነበር፤ በአያቴ መቃብር ልክ። አባቴ ምርኩዙን ወደ ላይ አንስቶ አየሩን ፈለገበት። ግራ ቀኝ አደረገው። የሚነካው ቅርንጫፍ አጣ። ወይራዋ በሌላው ወገን ሁሉ ተንሰራፍታ፣ በዚያ በኩል ግን የተቆረጠው ቦታ አልተተካም፤ ጠባሳው ብቻ አብጦ ቀርቷል። እሱ ያንን አላየም። ግን ገባው። እጁ ወረደ።

«ጥላዋን ነው የወሰድኩባት» አለ።

ተንበረከከ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ብርሃን እምቢ ያሉት ዓይኖቹ እንባ አልነፈጉትም። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበርና ዞር ልበልለት ብዬ ሳልጨርስ እኔም አብሬው አለቀስኩ። ቆይቶ ባርኔጣውን አወለቀና በጌታው ስም ጸለየ፤ አጭር ጸሎት ነበር። አጎቴ ያ ጸሎት የሳቸው ባይሆንም አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁት። ከዚያ ከዘራውን ወይራዋ ሥር፣ በእናቱ ራስጌ አጋደመው። ሦስት አራት ጊዜ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው። እንጨት እንጨት ነው ይላል ብዬ ጠበቅኩ። አላለም።

ስንነሳ እጁ መሬት ላይ ትንሽ ዘገየ። ያኔ ልብ አላልኩትም። መንገድ ከጀመርን በኋላ ነው ያየሁት፤ ግራ እጁ ትከሻዬ ላይ ነው፣ ምርኩዝ የለመደው ቀኝ እጁ ባዶውን ይንጠለጠላል ስል ጭብጥ ብሏል። በጣቶቹ መካከል አፈር ይታያል።

ከማንም መቃብር አይደለም፣ ከእሷ ነው። ላባዋ ትዝ አለችኝ፣ የአጎቴ አገጭ ትዝ አለኝ። ሃያ ዓመት ያስከፈለውን ጥፋት እንደገና በመዳፉ ይዞ ሊወርድ ነው። ጣለው ልበለው? አጎቴ ሁለት እርምጃ ከፊታችን ናቸው። ደግሞ እንዴት ብዬ ጣለው እላለሁ? ይዋሽ ይሆናል ብዬ እንዳልጽናና፣ አባቴን አውቀዋለሁ። እኔ ለአንድ ላባ ሦስት ጊዜ ዋሸሁ፤ እሱ ግን በሞት አፍ ላይ ቢሆን አይዋሽም። እውነቱን ከተናገረ ደግሞ ያንን ሁሉ ዳገት በማያይ ዓይን ተመልሶ ወጥቶ እናቱን ሁለተኛ ጊዜ ሊተዋት ነው። ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

ሾላዋ ሥር አጎቴ ዞሩ። አባቴ ኮቱን አራገፈ። ግራ መዳፉን ዘረጋ። ቀኙን አልዘረጋም።

«ከኮረብታው ምን ያዝክ?»

አባቴ ጭብጡን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

አጎቴ ጭብጡን አዩ። የኔን ፊትም አዩ። ያልገባቸው ነገር አልነበረም። ደግመው ጠየቁ። አባቴን «ምንም» ለማለት አፉ እምቢ አለው፣ አፈር ነው ለማለትም ልቡ እምቢ አለው። እንደዚያ ቆሞ ሳለ ፀጉሩ መሸበቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ መሰለኝ።

ሦስተኛውን ሲጠይቁ የአጎቴ ድምፅ እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ከዚያ መልሱን ሳይጠብቁ ፊታቸውን ወደ ኮረብታው አዞሩ። ጮክ አድርገው፣ ላይ ላለው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ተናገሩ።

«ምንም አልያዘም።»

ኮረብታውን ሲጠብቁ የኖሩት ሰው ናቸው እንዲህ ያሉት። ላባ ያስመለሱኝ ሰው! ተመለሱና የአባቴን ጭብጥ በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጥብቀው አጠፉለት፣ እንዳይፈስበት። በሰላም ግባ አሉት። አባቴ ግንባሩን በወንድሙ ትከሻ ላይ አሳረፈ፤ እንደዚያ ሆነው ብዙ ቆዩ። ነጋዴው ከመንገድ ጥሩንባውን ሲነፋ ነው የተላቀቁት።

ጋቢናው ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ጉድጓድና አቧራ፣ እጁን አልከፈተም። ነጋዴው፣ ከዘራውን ረሳህ፣ ልመለስ ወይ አለው። አልረሳሁም አለ።

ቤት ስንደርስ ራት ቀርቦ ነበር። እናቴ ማስታጠቢያውን ይዛ መጣች። አባቴ ግራ እጁን ብቻ ሰጣት። እናቴ ከኛ አንዳችን በግራ እጅ ብንበላ ጆሮ የምትቆነጥጥ ሴት ናት። ጭብጡን አየች። ከዘራው ሁልጊዜ የሚደገፍበትን የበሩን ጥግ አየች፣ ባዶ ነው። እኔን አየችኝ። ያቺ የሞኝና የወረቀቷ ተረት አፏ ላይ ደርሳ ነበር፤ ሳትላት ዋጠቻት። ማስታጠቢያውን አስቀምጣ ከጎኑ ተቀመጠች፣ የራሷን እጅ ታጠበች፣ ራቱን እስኪጠግብ ድረስ እያጎረሰች አበላችው።